ጋሪ ፈረሳችን አስፋልት ላይ እየወደቀ ነው፣ ችግሩ እግሩ ነው ወይስ መንገዱ?

ዳማው_ቤት፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ትንሽ ይረዝማል ግን እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡልኝ። እኛ ደብረ ብርሃን ነን፣ አባቴ ጋሪ ነው የሚሰራው፣ እኔ ሳልወለድም ጋሪ ላይ ነበር። አሁን ያለን ፈረስ ዳማ ነው፣ ስምንት ዓመቱ፣ ጤነኛ፣ በደንብ የሚበላ፣ ገራም። ከሰኔ ወዲህ ግን አራት ጊዜ ወደቀ፣ አራቱም አስፋልት ላይ። ኮረኮንች ላይ አንድ ቀን ተንሸራቶ አያውቅም።

የመጨረሻው ጊዜ አብሬ ነበርኩ። ጠዋት ነው፣ ዝናብ ነበር እንዳልል ዝናብ አልነበረም፣ ካፊያ ነገር፣ አስፋልቱ በደንብ እንኳን አልረጠበም ጥቁር ብሎ ያብለጨልጫል እንጂ። ሶስት ኩንታል ገብስ ጭነን ቁልቁለቱን እየወረድን የፊት ግራ እግሩ ሸርተት አለ፣ እሱን ልመልስ ሲል ቀኙም ተከተለ፣ በቃ በጉልበቱ ወደቀ። የጫማው ብረት ሲፋጭ የነበረው ድምፅ አሁንም ይሰማኛል፣ አስፋልቱ ላይ ክንድ የሚያህል ነጭ ጭረት ትቶ ነው የሄደው። ጉልበቱ ተልጦ ሥጋው ታየ። አባዬ ከጋሪው ዘሎ ወርዶ ጭንቅላቱን እቅፉ ውስጥ አድርጎ አንድ ቃል ሳይናገር ቆየ፣ እኔ አባቴን እንደዛ አይቼው አላውቅም።

ሰው ደግሞ ሁሉም የየራሱን ነው የሚለው። አንዱ ሰንፏል በለው ይላል፣ ሌላው ጫማው ነው ይላል፣ ጫማውን የሰራልን ሰውዬ ከፌሮ ቀጥቅጦ ነው ያደረገለት፣ ሌላው ደግሞ መንገዱ በቅርብ እላዩ ላይ ስለተነጠፈ ነው ይላል። አንድ ሹፌር ጭራሽ ጋሪ አስፋልቱን ስለሚያበላሽ ከነጭራሹ መከልከል ነው ያለበት ብሎ ሰደበን። የኔ ጥያቄ እግሩ ነው ወይስ መንገዱ፣ ይሄን ነገር ያጠና ሰው አለ ወይ፣ ጫማውን ባወልቅለት ይሻላል ወይ፣ ከምንም በላይ ደግሞ ለምንድነው ዶፍ ሲወርድ ሳይሆን ካፊያ ሲሆን የሚወድቀው?

ጠጠርና_ሬንጅ፦

አይዞህ ወንድሜ፣ ጉልበቱን በንፁህ ውሃ እጠቡለት አፈር እንዳይገባበት። እኔ የመንገድ ማቴሪያል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሰራው ስለዚ ስለ እግሩ ሌላ ሰው ይንገርህ፣ ስለ አስፋልቱ ግን የማውቀውን ልበልህ።

ካፊያውን በተመለከተ ያየኸው ነገር ልክ ነው፣ ደግሞ ዛሬ የታየ ነገር አይደለም፣ ከ150 ዓመት በፊት ተቆጥሯል። እ.ኤ.አ በ1873 ለንደን ውስጥ ሃይዉድ የሚባል የከተማው መሃንዲስ መንገድ ላይ የሚወድቁ ፈረሶችን አስቆጠረ። ያኔ ከተማው በሙሉ የሚንቀሳቀሰው በፈረስ ነው፣ መንገድ ሲሰራም መጀመሪያ የሚጠየቀው ፈረሱ ይቆምበታል ወይ ነው። ሶስት አይነት ንጣፍ አወዳደሩ፣ ጥርብ ግራናይት፣ አስፋልት እና እንጨት፣ አዎ እንጨት እንደ ጡብ እየተቆረጠ ይነጠፍ ነበር። አንድ ፈረስ አንዴ እስኪወድቅ በአማካይ ግራናይት ላይ 132 ማይል፣ አስፋልት ላይ 191 ማይል፣ እንጨት ላይ 446 ማይል ይሄዳል የሚል ነው የወጣው። በኛ ወደ 212፣ 307 እና 718 ኪሎሜትር ማለት ነው። አሁን ያንተን ጥያቄ የሚመልሰው ቀጥሎ ያለው ነው፣ አስፋልቱን ብቻ በአየሩ ለይተው ሲያዩት ደረቅ ሲሆን 223 ማይል፣ በደንብ ሲረጥብ 192፣ ወዝ ብቻ ሲኖረው ግን 125 ማይል። ከሁሉም የከፋው መሃለኛው ነው።

ምክንያቱ አስፋልት ላይ ሁሌም አቧራ አለ፣ ከመኪና የሚንጠባጠብ ዘይትና ናፍጣ አለ፣ የጎማ ብናኝ አለ። ካፊያው ይሄን ሁሉ አቡክቶ ስስ ቅባት ያደርገዋል፣ ለማጠብ ግን አቅም የለውም። ዶፍ ሲወርድ ጠርጎት ይሄዳል፣ ድንጋዩ ይገለጣል። ሹፌሮችም ያውቁታል፣ ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያዋ ዝናብ ናት መኪና የምታንሸራትተው።

አዲስ ስለተነጠፈው። አስፋልት ላይ ሁለት አይነት ሻካራነት ነው ያለው። አንደኛው የጠጠሩ የራሱ ፊት ነው፣ በጣትህ ስታሸው የብርጭቆ ወረቀት የሚመስለው፣ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ስለሆነ በዓይን አትለየውም። ሁለተኛው በጠጠርና በጠጠር መሃል ያለው ክፍተት ነው፣ ውሃው መውጫ የሚያገኝበት። አዲስ አስፋልት ላይ ጠጠሩ በሙሉ ሬንጅ ተቀብቷል፣ ጎማ እየሄደበት ሬንጁ እስኪላጥ ድረስ የድንጋዩ ፊት ተሸፍኖ ይቆያል። እንግሊዝ ሀገር የፈረሰኞች ማኅበር አዲስ የተነጠፈ አስፋልት ለፈረስ ያዳልጣል እያለ ለዓመታት ከመንገድ መሥሪያ ቤቶች ጋር ሲነጋገርበት የኖረ ጉዳይ ነው። በጣም ያረጀ መንገድም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ጎማው ሁሌ የሚረግጠው መስመር ላይ ድንጋዩ ራሱ እንደ ሰሃን ይወለወላል።

አሁን እኔን የሚያንገበግበኝን ልንገርህ። እኛ የመንገድ ማዳለጥ የምንለካው በፔንዱለም ነው፣ ጫፉ ላይ ላስቲክ የተገጠመለት ክንድ አለው፣ አስፋልቱን ውሃ እናርከፈክፍና እንለቀዋለን፣ ላስቲኩ መሬቱን ፈትጎ ሲያልፍ ስንት ጉልበት እንደተበላበት ቁጥሩን እናነባለን። ላስቲክ ነው እንግዲህ። ላስቲክ ጠጠሩ ላይ ሲጫን እየታጠፈ የጠጠሩን ቅርፅ ይይዛል፣ ተላቆ ሲመለስ ጉልበት ይበላል፣ መኪና የሚቆመው በዚህ ነው። ብረት አይታጠፍም፣ ሶስት አራት የጠጠር ጫፍ ላይ ቂብ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ለመኪና ጎማ ቆንጆ ቁጥር ያገኘ መንገድ ለአባትህ ፈረስ ሊያዳልጥ ይችላል፣ እኔ በሰራሁባቸው ዓመታት ደግሞ ብረት ጫማ ገጥመን የለካንበት አንድም ቀን የለም። በዚች ከተማ ስንት ጋሪ እንዳለ አስበው።

እሙ_ሞጆ፦

ውይ አንጀቴን ነው የበላኸው። እኛም ሰፈር ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ ሲወድቅ ሰው ተሰብስቦ በጅራፍ ያስነሳዋል። ለፈረስ የሚገባው ሐኪም ካለ እባካችሁ መልሱለት።

የእንስሳ_ሐኪም፦

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ብዙ ጊዜዬ ከጋሪ ፈረስና ከአህያ ጋር ነው ያለፈው። በመጀመሪያ ሰንፏል የሚለውን እርሱት። በጠፍጣፋ ብረት ቁልቁለት ላይ የሚንሸራተት ፈረስ ስንፍና አይደለም ያለበት፣ ቢመታ ደግሞ ጭንቅላቱን ወደላይ ይቀስራል፣ ፈረስ ሚዛኑን የሚጠብቀው በአንገቱ ነው ስለዚህ ጭራሽ ይወድቃል። ልጓሙንም ሲንሸራተት ወደላይ አትጎትቱት፣ አንገቱን ወደታች ይዘርጋ ልቀቁለት።

ሰኮናውን ልንገርህ። ሰኮና እንደ ጥፍራችን ኬራቲን ነው፣ ግን ድፍን እንጨት አይደለም። ውስጡ ያለው አጥንት መሬት ላይ አይደለም የተቀመጠው፣ ከሰኮናው ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው፣ 550 እስከ 600 የሚሆኑ እንደ መፅሐፍ ገፅ የተደረደሩ ስስ ቅጠሎች አሉ፣ የፈረሱ ክብደት በሙሉ በነሱ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ከስር አንስተህ ስታየው ደግሞ ከተረከዙ ወደ መሃል የሚመጣ ሶስት ማዕዘን የሆነ ለስላሳ ነገር አለ፣ እንደ ላስቲክ የሚሆን። እግሩ መሬት ሲነካ ተረከዙ ትንሽ ይከፈታል፣ ያ ለስላሳው ይጨመቃል፣ ድንጋጤውን የሚውጠው ይሄ ነው፣ ደምም ወደላይ ለመመለስ ያግዛል። ብረት በሚስማር ስትመታበት ይሄ መከፈት ይቀንሳል፣ ንዝረቱም ወደ እግሩ ይወጣል። ባዶ ሰኮና ከተወለወለ ብረት ይልቅ መሬት ይይዛል።

እና ጫማውን እናውልቅ? ቀስ በሉ። ሰኮና በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ቢያድግ ነው። አስፋልት ላይ ጭነት እየጎተተ በየቀኑ የሚውል ፈረስ ከሚያድግለት በላይ ያልቅበታል፣ ከዛ ሥጋው ጋ ይደርሳል ያነክሳል። ስለዚህ ለናንተ ፈረስ ጫማው ይኑር ግን ጫማ ይሁን። ፌሮ ክብ ነው፣ ቢቀጠቀጥም ጀርባው ጎበጥ ያለ ነው የሚሆነው፣ መሬቱን የሚነካው በአንድ መስመር ብቻ ነው፣ እሱም በሳምንት እንደ መስታወት ይወለወላል። ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ብረት ይሁን፣ የሰኮናውን ዙሪያ ተከትሎ፣ ሰኮናው ለጫማው ተብሎ አይሞረድ ጫማው ለሰኮናው ይበጅ። በየስድስት ሳምንቱ ግፋ ቢል ይቀየር። ተረከዙ ጋ በብየዳ ትንንሽ ነጠብጣብ ማድረግ ይቻላል ጫማው ሳይመታ በፊት፣ ሲያልቅ ይደገማል።

ግን ትንሽ ነው ያልኩት። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ የፈረስ እግር መሬት ሲነካ ከመቆሙ በፊት ትንሽ መንሸራተት አለበት፣ ጤነኛው አረማመድ እንደዛ ነው። ያቺ ትንሽ መንሸራተት የማቆሙን ጉልበት በጊዜ ትበትነዋለች። ሰኮና ላይ መሣሪያ እያሰሩ የለኩት ሰዎች ያዩት ይሄንን ነው፣ አፈር ላይ እግሩ እየሰመጠ ቀስ ብሎ ይቆማል፣ ጠንካራ መሬት ላይ ደግሞ ድንጋጤው ስለታም ነው። ትልቅ ጥርስ ያለው ጫማ ካደረግህለት አይወድቅም ግን እግሩ እንደነካ ቀጥ ይላል፣ ያ ሁሉ ቁርጭምጭሚትና ጅማት ላይ ነው የሚያርፈው፣ ከወራት በኋላ ማነከስ ይመጣል። መኪና መንገድ ላይ ፍሪክሽን (ፍትጊያ) በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው ይባላል፣ ለእግር ግን ሲበዛም ሲያንስም ይጎዳል።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ለምን የፊት እግሩ ሄደ ላልከው፣ ፈረስ ቆሞ እንኳን ከክብደቱ ወደ 60 በመቶ የሚሆነው የፊት እግሮቹ ላይ ነው። ቁልቁለት ሲሆን ይጨምራል፣ ጋሪው ደግሞ ከኋላ ይገፋዋል፣ ፍሬን የለውም አይደል? ጋሪያችሁ ላይ ከጭራው በታች የኋላ ጭኑን የሚዞር ሰፊ ጠፍር አለ ወይ? ከሌለ ፈረሱ ጋሪውን የሚያቆመው በጀርባውና በአንገቱ ነው ማለት ነው። ያ ጠፍር ካለ ግን ቂጡን ዝቅ አድርጎ በኋላ እግሮቹ ተቀምጦበት ይይዘዋል። እኔ ብትጠይቀኝ ከጫማው እኩል ነው የማየው።

ሱሉልታ_15፦

ስለ ፈረስ ባይሆንም እኔ ሯጭ ነኝና አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይሄ የመሬት ነገር ለኛም እንጀራችን ነው። አሰልጣኞቻችን አስፋልት በሳምንት ከተወሰነ ቀን በላይ አያስነኩንም፣ ቀሪው እንጦጦ ጫካ ውስጥ ወይ ሜዳ ላይ ነው። መሬት ለስላሳ ሲሆን ጉልበት ይበላል ጠንካራ ሲሆን እግር ይጎዳል እያልን ነው ያደግነው፣ እኔም እንደዛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ አንድ ጊዜ ተጎድቼ ሶስት ወር ስተኛ ነው ማንበብ የጀመርኩት።

አሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማክማሆንና ግሪን የሚባሉ ሁለት ሰዎች የሰውን እግር እንደ ስፕሪንግ ቆጥረው አሰሉ፣ እግር ስፕሪንግ ከሆነ ከእግሩ ጋር የሚስማማ ልስላሴ ያለው መሬት መኖር አለበት አሉ። በዛ ስሌት እ.ኤ.አ በ1977 የቤት ውስጥ ትራክ ተሰራ፣ ሯጮቹ ሁለት ሶስት በመቶ ፈጠኑ፣ ጉዳቱም ቀነሰ። በ2002 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ትሬድሚሉን (መሮጫ ማሽኑን) ከስሩ እያለሰለሱ ኦክስጅን ለኩ፣ ልስላሴው 12.5 እጥፍ ሲጨምር የሚወጣው ጉልበት በ12 በመቶ ቀነሰ። ለስላሳ ጉልበት ይበላል የሚባለው እዚህ ጋ ተገለበጠ! ግን አሸዋ ላይ የሮጡ ሰዎች ሲለኩ ጠንካራ መሬት ላይ ከሚወጣው 1.6 እጥፍ ነው የወጣው። ልዩነቱ ያ ትራክ የሰጠኸውን ይመልስልሃል፣ አሸዋ ውጦ ይቀራል።

ሌላው ኮንክሪት ከአስፋልት በጣም ይከፋል ይባላል አይደል፣ በቁሱ ካየኸው ኮንክሪት በብዙ እጥፍ ይጠነክራል ግን ሁለቱም ከእግራችን ጋር ሲነፃፀሩ ድንጋይ ናቸው፣ እግር ልዩነቱን ብዙ አያገኘውም። ደግሞ ሰውነታችን ዝም ብሎ አይቀበልም፣ መሬቱ ሲቀየር በመጀመሪያዋ እርምጃ ላይ እግራችንን እናጠነክራለን ወይ እናላላለን፣ ይሄም ተለክቷል። ፈረሱም ይሄን የሚያደርግ ይመስለኛል፣ ዶክተር ቢያስተካክሉኝ።

የእንስሳ_ሐኪም፦

ልክ ብለሃል፣ ፈረስም የሚያዳልጥ መሬት ሲያውቀው እርምጃውን ያሳጥራል እግሩን ከሰውነቱ ስር ያደርጋል። ችግር የሚሆነው ሳያውቀው ሲመጣ ነው፣ ኮረኮንች ላይ ቆይቶ ድንገት ወደ አስፋልት ሲገባ፣ ወይ ደረቅ ላይ ቆይቶ የዘይት ቦታ ሲረግጥ። ስለ ጉልበትም አንድ ነገር ልጨምር፣ ሆይትና ቴይለር የሚባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ በ1981 ትንንሽ ፈረሶችን ትሬድሚል ላይ አስሮጠው ትንፋሻቸውን ሰብስበው ለኩ። እያንዳንዱ አረማመድ፣ እርምጃውም ሶምሶማውም ግልቢያውም፣ ትንሽ ጉልበት የሚፈጅበት የራሱ ፍጥነት አለው፣ ፈረሶቹ ለብቻቸው ሲለቀቁ ደግሞ የመረጡት ያንኑ ፍጥነት ነው። ከአስር ዓመት በኋላ ቴይለር ከፋርሊ ጋር ሲሰራ ደግሞ ከሶምሶማ ወደ ግልቢያ የሚቀይሩት እግራቸው ላይ የሚያርፈው ጫና የሆነ መጠን ሲደርስ መሆኑ ታየ፣ ክብደት ሲጫንባቸው ቀድመው ነው የቀየሩት። ስለዚህ ፈረሱ እግሩን እያዳመጠ ነው የሚሄደው። አባትህ እየነዳው ፈረሱ ራሱ ቀነስ ሲያደርግ ይተወው፣ የሆነ ነገር ሰምቶ ነው።

ነጭ_ጋቢ፦

ልጄ፣ ይሄንን ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ ሰላሳ ዓመት ጋሪ ነድቻለሁ አሁን ተውኩት። ሰማዩ ካፊያ ሲጀምር እኛ እንወርድና በእግራችን እንመራው ነበር፣ ከጎኑ ስትሄድ ይረጋጋል። ቁልቁለት ላይ መሃሉን አንሄድም፣ ጠርዝ ጠርዙን፣ አንዱ ጎማ ከአስፋልቱ ወጥቶ አፈሩ ላይ እንዲሄድ እናደርጋለን፣ አፈሩ ጋሪውን ይይዘዋል። የወደቀ ፈረስ ደግሞ መጀመሪያ ከጋሪው ፍታው፣ ከዛ ከእግሩ ስር ጆንያ አንጥፍለት፣ ጆንያው ላይ ረግጦ ይነሳል። ዱላ አያስፈልገውም። ለአባትህ ሰላም በልልኝ።

ጠጠርና_ሬንጅ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጎማውን አፈር ላይ አድርጎ እንደ ፍሬን መጠቀሙን እኔ አስቤው አላውቅም፣ ግን በትክክል ነው የሚሰራው። የጋሪ መንገድ ጣጣው እኮ እዚ ላይ ነው፣ ለጎማ የሚመቸው ለስላሳ መንገድ ነው፣ ለሰኮና የሚመቸው ሻካራ ነው። ድሮ ይሄን የፈቱት ሰዎች አሉ፣ ሚላን ከተማ መንገዱን ጠጠር ድንጋይ አንጥፈው መሃሉ ላይ ለጎማ ብቻ ሁለት መስመር ጠፍጣፋ ግራናይት አደረጉበት፣ ጎማው ለስላሳው ላይ ይንከባለላል ፈረሱ ሻካራው ላይ ይረግጣል። እንግሊዝ ደግሞ ጥርብ ድንጋዩን ቀጠን አድርገው ነበር የሚጠርቡት፣ የሰኮናው ጫፍ መጋጠሚያው ላይ ጥፍሩን እንዲያስገባ፣ ዳገት ሲሆን መጋጠሚያውን ያሰፉት ነበር። የኛም ኮብልስቶን ለፈረስ ጥሩ ሊሆን የሚችለው በመጋጠሚያው ነው፣ አሸዋው ታጥቦ ሲያልቅ ወይ ድንጋዩ ላዩ ሲወለወል ግን ይገለበጣል፣ ለንደን ላይ ግራናይት መጨረሻ የወጣው በምክንያት ነው።

ፍትሃዊ ለመሆን አንድ ልጨምር፣ ያ የለንደን ቁጥር ሁሌ አይሰራም። አሜሪካ ውስጥ ግሪን የሚባል መሃንዲስ (የሯጮቹ ግሪን አይደለም) እ.ኤ.አ በ1885 አስር ከተማ ላይ ሲያስቆጥር ተገልብጦ ነው የወጣው፣ እንጨት 272፣ ግራናይት 413፣ አስፋልት 583 ማይል። ሰውየው ኋላ ላይ የአስፋልት ካምፓኒ ኃላፊ ሆኗል፣ ያንን እያሰብን እናንብበው፣ ግን አስፋልቱም የተለየ ነበር፣ የአሜሪካው አሸዋ የበዛበት ነው የለንደኑ ደግሞ ተፈጭቶ የተጠቀጠቀ የተፈጥሮ አስፋልት ድንጋይ ነው። አስፋልት የሚለው ስም ብቻ ምንም አይነግርህም።

ጋሪ አስፋልት ያበላሻል ላለህ ሹፌር ደግሞ ይሄን ንገረው። እ.ኤ.አ ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ውስጥ ትልቅ የመንገድ ሙከራ ተደርጎ ነበር፣ የጭነት መኪና ሌት ተቀን እያመላለሱ መንገዱ እስኪፈርስ። ከዛ የወጣው ህግ ጉዳቱ የሚያድገው በአክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚይዘው ዘንግ) ክብደት በአራተኛው ሃይል ነው የሚል ነው፣ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ። የጋሪያችሁ አክስል ከነጭነቱ 700 ኪሎ ነው እንበል፣ እኛ ዲዛይን የምናደርግበት መደበኛ አክስል 8.2 ቶን ነው። ሒሳቡን ስትሰራው አንድ የመኪና አክስል የሚያደርሰውን ለማድረስ ጋሪው ወደ 19 ሺህ ጊዜ መመላለስ አለበት። የፈረሱ ጫማ ላዩን ሊቧጭረው ይችላል፣ መንገድ የሚያፈርስ ግን እሱ አይደለም።

ዳማው_ቤት፦

ይቅርታ ዘገየሁ፣ ሶስት ሳምንት ሆነ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ የጻፋችሁትን በሙሉ ለአባዬ አንብቤለታለሁ፣ የጋሼን ሲሰማ እንባው መጣ፣ ያንን ጆንያ የማንጠፍ ነገር የሱም አባት ያደርግ ነበር አለኝ።

ያደረግነውን ልንገራችሁ። ጠፍሩ አልነበረንም፣ ዶክተር እንዳሉት ፈረሱ ጋሪውን በአንገቱ ነበር የሚያቆመው። ከአሮጌ የመኪና ቀበቶ ሁለቱን ደርበን ሰፍተን ውስጡን በጨርቅ አለበስነውና አሰርንለት። የመጀመሪያው ቀን ግራ ገባው፣ በሁለተኛው ቀን ቁልቁለቱ ላይ ቂጡን ዝቅ አድርጎ ሲቀመጥበት በዓይኔ አየሁ። ጫማውን ጠፍጣፋ ብረት አስደረግን፣ ተረከዙ ጋ ሁለት ሁለት የብየዳ ነጠብጣብ፣ የምስር ፍሬ የምታክል። ከዛ ወዲህ አምስት ቀን ካፊያ ነበር፣ ሁለቴ ተንሸራቷል፣ አልወደቀም። ጉልበቱ ቅርፊት ይዟል።

እኔ ደግሞ የወደቀበት ቦታ ሄጄ ተንበርክኬ አስፋልቱን በጣቴ አሸሁት። ጎማ የሚሄድበት መስመር ላይ ጣቴ ሙልጭ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ወደ ቱቦው ጠጋ ስትል ጎማ የማይደርስበት ጠርዝ ጋ ግን ቆዳ ይይዛል። አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው በመሃላቸው ያለው። አባዬን አምጥቼ አሳሸሁት፣ ዝም ብሎ ሁለቱን እያፈራረቀ ሲዳስስ ቆየና ሰላሳ ዓመት የረገጠው ፈረስ ነው እኔ ቀምሼው አላውቅም አለ።

አሁን ያሰብኩት ነገር፣ እዚህ ተራ የሚይዙ የጋሪ ሰዎች ጋ ደብተር ላስቀምጥ ነው፣ እንደዛ የለንደኑ ሰውዬ። ማን የት ቦታ ወደቀ፣ ደረቅ ነው ካፊያ ነው ዝናብ ነው። ሰዎቹ እሺ ብለውኛል። ሌላ ምን ላስጽፍ?

ጠጠርና_ሬንጅ፦

በርታ ወንድሜ ይሄ ትልቅ ሥራ ነው። የወደቀውን ብቻ እንዳትጽፍ ግን፣ እያንዳንዱ ጋሪ በቀን በግምት ስንት ኪሎሜትር አስፋልት ላይ ስንት ኮብልስቶን ላይ እንደሄደ አስጽፍ፣ እሱ ከሌለ አስፋልት ላይ ብዙ ወደቀ ስትል ብዙ ስለሄደበት ነው ይሉሃል። ቁልቁለት ወይስ ሜዳ፣ ጭኖ ነው ባዶውን፣ ጫማው ከተመታ ስንት ሳምንቱ ነው የሚለውንም ጨምር። ቦታውን ከጠርዙ ስንት እርምጃ እንደሆነ ጻፍ። መስከረም ላይ እረፍት አለኝ፣ ፔንዱለሙን ለማስፈቀድ እሞክራለሁ፣ ከላስቲኩ ሌላ ከአሮጌ የፈረስ ጫማ የተቆረጠ ብረት አዘጋጅቼ ያቺን ቁልቁለት ጠርዟንም መሃሏንም አብረን እንለካታለን። ያወለቃችሁትን የፌሮ ጫማ እንዳትጥለው፣ እፈልገዋለሁ።

ዳማው_ቤት፦

አልጣልኩትም፣ በር ላይ ሰቅዬዋለሁ። አራቱንም።